ቆጥ ላይ አልጋ? ለባሕር ዳር አይሆንም

ስለ ትናንሽ ቤቶች አሠራር ያነበብኩት ጽሑፍ «ቦታ ለመቆጠብ አልጋውን ቆጥ ላይ አውጡት» ይላል። ለባሕር ዳር አይሠራም! እኔ ጣና ዳር 18 ካሬ የምትሆን ቤት ለእንግዳ አከራያለሁ፤ መጀመሪያ እንደዚሁ ነበር ያሠራሁት። ሚያዝያ ላይ ቆርቆሮው ሥር የታመቀው ሙቀት ማታም ከቆጡ አይወጣም። እንግዶች ፍራሹን ጎትተው መሬት ላይ አድረው አገኘኋቸው። ለጥምቀት የመጡ አንዲት እናት ደግሞ መሰላሉን አዩና «ልጄ፣ እኔ ዶሮ ነኝ እንዴ?» አሉኝ። ሳቅኩ፣ ግን አፈርኩ። አሁን አልጋው ወርዷል፤ ከሥሩ ሻንጣ ይገባል፣ ከላይ ኮርኒስ አለ፣ ከኮርኒሱ በላይ ደግሞ በሁለቱም ጫፍ አየር መውጫ ተትቷል። ከጽሑፉ ሥር «ኤሲ ግጠሙ» ብለህ አስተያየት የሰጠኸው ወንድሜ፣ መብራት ሲጠፋስ? የሐይቁ ነፋስ በነጻ ነው። አንዱን መስኮት ወደ ውሃው አዙር፣ ሌላውን ትይዩ ክፈት፣ ሁለቱንም ወንፊት ሽቦ አልብሳቸው። ማታ አምፖል ሲበራ ከሐይቁ የሚተመውን ትንኝ ያላየ አጎበር ይበቃል ይላል። ቤቷን በረንዳም አትንፈጓት፤ ሐምሌ ላይ እንግዳው ጭቃ ጫማውን የት ያውልቅ?