ስሙ የእሱ፣ ፊልሙ የሌላ ሰው

አንድ ወዳጄ የመጀመሪያ ፊልሙን ሠርቶ ለመጨረስ አራት ዓመት ፈጅቶበታል። ስክሪፕቱን ሰባት ጊዜ ደጋግሞ ጽፎታል፤ ካሜራ የተከራየው እህቱ በደረሳት ዕቁብ ነው። ፊልሙ ሲኒማ ቤት ገብቶ በሦስተኛው ሳምንት ወረደ። ብዙም ሳይቆይ የአንድ ዩቲዩብ ቻናል ባለቤት ደወለለት። ካፌ ውስጥ ተገናኙ፤ ወዳጄ አንድ ገጽ ውል ፈርሞ የዕዳውን ግማሽ የሚሸፍን ገንዘብ ተቀበለ። ፊልሙን እስከ ዛሬ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሰው አይቶታል። እሱ ግን ለገዛ ልጁ ሊያሳየው ሲፈልግ እንደማንኛውም ተመልካች ማስታወቂያው እስኪያልፍ መጠበቅ አለበት። ዋናው ቅጂ የነበረበት ሃርድ ዲስክ ተበላሽቷል። በዓለም ላይ የቀረው ብቸኛ ቅጂ ጥጉ ላይ የሌላ ሰው ዓርማ የተለጠፈበት ነው።

ስለ አገራችን ፊልም ሥርጭት ሲወራ የሚነሡት ቅሬታዎች የታወቁ ናቸው፤ ሲኒማ ቤቱ ጥቂት ነው፣ ወረፋው ረጅም ነው፣ ስፖንሰር አይገኝም። ሁሉም እውነት ነው። የእኔ ጠብ ግን ከሌላ ነገር ጋር ነው። ፊልም ሠሪዎቻችን ሥርጭትን ሠርጉ ካለፈ በኋላ እንደሚታጠብ ድስት ያዩታል። ሐሳቡ ሲጠነሰስ አይነሣም፤ ስክሪፕቱ ሲጻፍም ሆነ ቀረጻው ሲካሄድ የሚያነሣው የለም። የሚታወሰው ፊልሙ አልቆ ገንዘቡም ሲያልቅ ነው። ገንዘብ የጨረሰ ሰው ደግሞ ውል አያነብም።

የፊልም ዳይሬክተሩን የፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማን መንገድ ብዙ ጊዜ የምናነሣው ስለ ጽናት ለመመስከር ነው። «ሳንኮፋ»ን ለመሥራት ዘጠኝ ዓመት ገደማ፣ «ጤዛ»ን ለመሥራት ደግሞ 14 ዓመት እንደፈጀባቸው እንናገራለን። «ጤዛ» በ2008 እ.ኤ.አ. በቬኒስ ልዩ የዳኞች ሽልማትን፣ በዓመቱም በዋጋዱጉ ፌስፓኮ የተባለውን የአፍሪካ ፊልም ፌስቲቫል ታላቅ ሽልማት ማግኘቱንም በኩራት እንጠቅሳለን። እኔን የሚገርመኝ ግን በሁለቱ ፊልሞች መካከል የሠሩት ሥራ ነው፤ ለሽልማት የሚበቃ ትዕይንት ስለሌለው ይመስለኛል ብዙም አይወራለትም።

«ሳንኮፋ» በ1993 እ.ኤ.አ. በበርሊን ፌስቲቫል ለውድድር ቀርቦ ነበር። ከዚያ መልስ አሜሪካ ውስጥ የሚያከፋፍለው ጠፋ። ስለ ባርነት፣ ያውም በባሪያዎቹ ዐይን የተሠራን ፊልም ገበያ የለውም አሉ። ፕሮፌሰር ኃይሌ፣ ባለቤታቸውና የሥራ አጋራቸው ሺሪኪያና አይናና ባልደረቦቻቸው ዋሽንግተን ውስጥ ሲኒማ ቤት ተከራይተው ራሳቸው አሳዩት። የጥቁሮች ማኅበራት፣ አብያተ ክርስቲያናትና ተማሪዎች ወሬውን አዳረሱት። አዳራሹ ሞላ፤ ከዚያም ፊልሙ በዚያው ዘዴ ከተማ ለከተማ ዞረ። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ላይ ከሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት፣ ጆርጂያ ጎዳና ላይ፣ በፊልሙ ስም የተሰየመ የመጻሕፍትና የቪዲዮ መደብር ከፈቱ። ዋሽንግተን የሚኖር ሐበሻ ቤቱን ያውቀዋል፤ እስከ አሁንም ቡና ይጠጣበታል።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። በ2021 እ.ኤ.አ. «ሳንኮፋ» በአዲስ ጥራት ታድሶ ኔትፍሊክስ ላይ ወጣ። ከ28 ዓመት በኋላ ማለት ነው። ፊልሙ ያኔ «ገበያ የለውም» ላሉት ተሽጦ ቢሆን ኖሮ የአንድ ኩባንያ መጋዘን ውስጥ ተረስቶ ይቀር ነበር። በ1976 እ.ኤ.አ. ለዕይታ የበቃው «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ም እንዲሁ በ2006 እ.ኤ.አ. ጣሊያን ቦሎኛ ውስጥ ታድሷል። ይህን ፊልም የቀረጹት ንጉሣዊው ሥርዓት በሚናጋበት ጊዜ፣ አገር ቤት መጥተው፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ ነው። የሚታደስ ነገር ሊኖር የቻለው መጀመሪያ የተጠበቀ ነገር ስለነበረ ነው።

«እሳቸው አሜሪካ ነበሩ፤ የዩኒቨርሲቲ ደመወዝ ነበራቸው» የሚለኝ አይጠፋም። ልክ ነው። በሃዋርድ ለአሥርት ዓመታት አስተምረዋል፤ «ሳንኮፋ»ም ከጋና፣ ከቡርኪና ፋሶና ከጀርመን በተገኘ ትብብር የተሠራ ነው። ሁሉም ሰው ሲኒማ ቤት ተከራይቶ ያሳይ የሚል ምክር የለኝም። አዲስ አበባ ውስጥ የአዳራሽ ኪራይ ስንት እንደሆነ አውቃለሁ። መብትን አለመሸጥ ግን አዳራሽ አያስፈልገውም፤ የሚያስፈልገው እስክሪብቶ ነው።

የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጃችን፣ ቁጥር 410/1996፣ ኢኮኖሚያዊ መብትን፣ ማለትም ከሥራው ገንዘብ የማግኘትን፣ ከሞራላዊ መብት፣ ማለትም በሠሪነት ስም ከመጠራት፣ ለይቶ ያስቀምጣል። ኢኮኖሚያዊው ለሌላ ሊተላለፍ ይችላል። ወዳጄ የፈረመው ይህንን ነው፤ ያውም ሙሉ በሙሉ፣ ያለ ጊዜ ገደብ። ስሙ ፊልሙ ላይ አለ፤ ፊልሙ ግን የሰው ነው። ሁለት ቃላት ቢጨምር ይበቃው ነበር፤ «ለሦስት ዓመት»። ሌላ ሁለት ቢጨምር ደግሞ «በዩቲዩብ ብቻ»። ያኔ የቴሌቪዥን ጣቢያ ሲጠይቅ የሚሸጠው ነገር ይኖረዋል፤ ውጭ አገር ያለው ማኅበረሰብ በበዓል ሰሞን አዳራሽ ተከራይቶ ላሳይ ቢለውም እንዲሁ። ገዢው እምቢ ይል ይሆናል፤ ወይም ዋጋውን ዝቅ ያደርጋል። ይሁን። ቤቱን ሸጦ ከመውጣትና አንድ ክፍል ከማከራየት የትኛው እንደሚሻል የአዲስ አበባ ሰው ሊጠፋው አይገባም።

ይህ ሐሳብ ገና ከመነሻው ሲገባ ደግሞ ፊልሙ ራሱ ይለወጣል። ማን እንደሚያየው፣ የት እንደሚያየው አስቀድሞ ያሰበ ጸሐፊ አሥራ ሁለት ቦታ የሚቀረጽ ታሪክ አይጽፍም፤ አራት ቦታ ይበቃዋል። የተረፈው ገንዘብ ዕዳ ይቀንሳል፤ ዕዳው የቀነሰ ሰው ካፌ ውስጥ ውል ሲቀርብለት «ውሉን ልውሰደውና አንብቤ ልመለስ» ለማለት አቅም አለው። ሁለተኛ ሃርድ ዲስክ መግዣም አያጣም። ይህ ለጥበብ የማይመጥን የነጋዴ ወሬ ነው የሚሉ አሉ። እኔ ደግሞ ለጥበብ የማይመጥነው ጥጉ ላይ ያለው ዓርማ ይመስለኛል።

በቀደም ወዳጄ ወረቀት ይዞ መጣ። አዲስ ስክሪፕት መስሎኝ መነጽሬን አወጣሁ። ለሁለተኛ ፊልሙ ያዘጋጀው የውል ረቂቅ ነው፤ ገና አንድ ትዕይንት አልጻፈም። ስድስተኛው አንቀጽ «ለአምስት ዓመት» ይላል። ሦስት ይበቃል አልኩት።