የሻገተ እንጨትን በረኪና አያድነውም

ክረምቱ ጎንደር ላይ ሲያበቃ አንድ ምክር በብዛት እየተደጋገመ ነው፦ “ሻጋታ የሚሸት አሮጌ ሳጥን ወይም ቁም ሳጥን በበረኪና ታጥቦ ፀሐይ ላይ ቢሰጣ ሽታው ይለቃል።” በቅንነት የተሰጠ ነው፤ ለእንጨት ግን አይሆንም።

በረኪና ለሴራሚክና ለመስታወት ይሠራል። ያልተቀባ እንጨት ግን ውሃ ይጠጣል። የክሎሪኑ ኃይል ላይ ላዩን ያልቃል፣ ውሃው ወደ ውስጥ ይሰርጋል፤ ሻጋታው የሚፈልገውም ያንኑ እርጥበት ነው። ላዩ ነጥቶ የዳነ ይመስላል፣ ሽታው ግን ይመለሳል። ለማረጋገጥ በመሳቢያው ውስጠኛ ገጽ ላይ አንድ ጠብታ ውሃ አድርጉ። በደቂቃዎች ውስጥ ከጠጣው፣ የበረኪናውንም ውሃ እንዲሁ ይጠጣዋል።

ይልቅ መሳቢያዎቹን አውጡና ማስክ አድርጋችሁ ደጅ ላይ በደረቅ ብሩሽ ጥረጉ። አቼቶና ውሃ እኩል ቀላቅሉ፤ ጨርቁን አጥብቃችሁ ጨምቁና ውስጡን በሙሉ አብሱ። ብዙ ጊዜ የሚዘነጋውና ሽታው የሚደበቅበት የመሳቢያው ሥርና የጀርባው ሳንቃ ነው። ከዚያ ነፋስ ባለበት ጥላ 2 ወይም 3 ቀን ይድረቅ፤ ኃይለኛ ፀሐይ አሮጌ ሳንቃን ያጣምማል፣ ይሰነጥቃልም። የቀረውን ሽታ ለመሳብ ያልተቀጣጠለ ከሰል በሳህን አድርጋችሁ አንድ ሳምንት ዝጉበት። ስትመልሱት ከድንጋይ ግድግዳው አንድ ስንዝር ያህል አርቁት፤ አየር ካላገኘ በሚቀጥለው ክረምት ያው ነው።

በረኪና ቀድሞ የነካው ዕቃ ላይ ግን አቼቶ በፍጹም አትጨምሩ። ሁለቱ ሲገናኙ ሳንባን የሚጎዳ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል።