መሮዋን ትንሽ ቢቀንሷት?

በሰፈራችን ሥራውን የሚሠራው አንድ ከሆነ፣ እንዴት እንደሚሠራ የሚያውቀው ሰባት ነው። ቦይ ሲቆፈር አንዱ ጉድጓድ ውስጥ ይለፋል፤ የቀረነው እጃችንን ወደ ኋላ አጣምረን «ወደ ግራ ነበር» እንላለን። ጎማ የሚቀይር ሹፌር ካየንማ ሻያችንን ጥለን ነው የምንወጣው።

ከግቢያችን በታች እንጨት የሚቀርጹት ጋሼም ከዚህ ፍቅራችን አላመለጡም። እንጀራቸው ጀበና የያዘች ሴት፣ ጥላ የዘረጋ ቄስ፣ ጫማ የሚጠርግ ሊስትሮ ነው፤ ቀርጸው ቸርችል ጎዳና ላሉት የስጦታ ዕቃ ሱቆች ያስረክባሉ። ለዚያ ዋንዛ ይበቃል፤ ለስላሳ ነው፣ መሮ አያስቸግርም። ያን ሰሞን ግን ከየት እንዳመጡት እንጃ፣ የደረቀ የወይራ ጉማጅ ይዘው ቁጭ አሉ። ወይራ ክንድ ይጨርሳል። ቅንድብ ከቀረጹበት ግን ቅንድብ ሆኖ ይቀራል።

«ምን ሊሠሩ ነው ጋሼ?»

«ራሴን።»

ቁመቱ ከመዳፍ የማይበልጥ ሰውዬ፣ በርጩማ ላይ ተቀምጦ፣ እንጨት በጉልበቶቹ መሀል አጣብቆ ሲቀርጽ። እጁ ላይ የክብሪት እንጨት ስባሪ የማታህል መሮ አለች፤ ጫፏን በምላጭ ነው ያሾሏት። እግሩ ሥር የተበተነው ፍቅፋቂ ሳይቀር አንድ በአንድ ተጠቅልሏል። ያቺን መሮ ሲነኩ ጋሼ ትንፋሻቸውን ይይዛሉ። እኛ አንይዝም።

«ይሄ ሰውዬ ቁርስ አልበላም እንዴ? ጉንጩ ገባሳ!» አሉ ቡና የሚያፈሉት እትዬ።

«ጭንቅላት የቁመት አንድ ስምንተኛ ነው። ይሄ በዝቷል» አሉ ጡረታ የወጡት መምህር።

«የእኔን ለክተህ ታውቃለህ?» አሉ ጋሼ።

ነገሩን ያመጣው ወያላው ነው። ጎንበስ ብሎ አየና፣ «ጋሼ፣ እርስዎ ነዎት? ብቻዎን? መች ብቻዎን ሠርተው ያውቃሉ!»

መምህሩ ወዲያው ደገፉት። «ልክ ነው! በ2003 ዓ.ም. ዩኔስኮ በመዘገበው በኮንሶ፣ ዋካ የሚሉት የጀግና መታሰቢያ የእንጨት ሐውልት ሲቀረጽ ጀግናው ብቻውን አይቆምም። ሚስቶቹም የገደላቸው ጠላቶችም አብረውት ይቆማሉ።»

ጋሼ ቀና ብለው አዩን። «እናንተ ከየትኞቹ ናችሁ?»

ይሁንና ቀረጹን። ያን ጊዜ የነበረው ግርግር! መምህሩ ከራባት ይግባልኝ አሉ። እትዬ ወገባቸው እንዲጠብ ለመኑ። ወያላው በር ላይ ካልተንጠለጠልኩ ማን ይለየኛል ብሎ ተከራከረ፤ ታክሲ ከየት ይምጣለት? እኔ ምንም አላልኩም፤ ተቀርጬ ሳየው ግን አፌ እስከ ጆሮዬ ተከፍቷል።

በአሥረኛው ቀን ሥራው አለቀ። ዝም ብዬ ብሄድ ምን ነበረበት?

«ጋሼ፣ መሮዋ አልወፈረችም? ትንሽ ቢቀንሷት?»

ቀነሷት። ቀጭ አለች።

ሰባታችንም በእንብርክክ ፈለግናት፤ ፍቅፋቂ መሀል ከፍቅፋቂ የማትለይ መሮ! እትዬ ሦስት ጊዜ አገኘኋት ብለው ሦስቱም ገለባ ነበር። እኔ ከርግማኑ እየተሸሸግሁ ጠረጴዛው ሥር ቆየሁ።

ጋሼ ግን ቅርጹን አንስተው አዟዟሩት። ባዶ እጁን የተቀመጠ አንድ ሰውዬ፣ ዙሪያውን አፉን የከፈተ ሰባት ሰው።

«ተዉት፣ አትፈልጉ» አሉ። «አሁን ገና እኔን መሰለ።»

«እኔን ግን አወፈሩኝ» አሉ እትዬ፣ ጉልበታቸውን እያራገፉ።