ስካነር አለህ አሉ

ሰሞኑን እንቅልፍ ያሳጣችኝ የእጅ መዳፍ የምታህል ሬዲዮ ናት። እኛ ሰፈር ስልኩ የተበላሸበትም፣ ቴሌቪዥኑ ምስል የከለከለውም ወደ እኔ ይመጣል፤ ለምጄዋለሁ። ጎረቤታችን ጋሼ ግን አሜሪካ የሚኖረው ልጃቸው ለበዓል መጥቶ የተወላቸውን ስካነር ይዘው መጡ። «የአምቡላንሱንና የእሳት አደጋውን ንግግር ያሰማል አሉ፤ እስቲ የጅማውን አስገባልኝ፣ ልጄ» አሉኝ። አስገባልኝ! ሲም ካርድ መሰላቸው።

ስከፍተው 500ውም ቻናል ሞልቷል። በምን? ልጁ በሚኖርበት ከተማ የእሳት አደጋና የአምቡላንስ ሞገዶች! ይህ ሞገድ እኮ ኮረብታ ሲጋርደው የሚደክም ነው፤ ከጅሬን ጀርባ ያለውን መስማት እንኳን ዕድል ይጠይቃል። መሣሪያው ግን ውቅያኖስ ማዶ ያለ ቃጠሎ ፍለጋ 500ውን በየተራ ይዞራል፣ ምንም አይሰማም፣ እንደገና ይዞራል። አንድ በአንድ ማጥፋት ጀመርኩ። መብራት ሄደ፤ በሻማ ቀጠልኩ። ሁለት መቶ ያህሉን ካጠፋሁ በኋላ፣ ሦስት ቁልፎች አንድ ላይ ተጭኖ ማብራት ሁሉንም እንደሚያጸዳ የመመሪያው መጨረሻ ላይ ተጽፎ አገኘሁ። ይህን የሚያህል ነገር መጨረሻ ላይ የሚጽፍ ሰው ምን ዓይነት ልብ ቢኖረው ነው?

በማግስቱ ደግሞ አንዲት እናት «ስካነር አለህ አሉ» ብለው የልጃቸውን የትምህርት ማስረጃ ይዘው ከች። ምን ልበላቸው?

እሺ፣ አጸዳሁት። አሁን ምን ልሙላበት? በአሜሪካ የየከተማው የሞገድ ዝርዝር በአደባባይ ይገኛል። እኔ ግን አንዱ ቢሮ ገብቼ «የምትነጋገሩበት ሞገድ ስንት ነው?» ብል፣ ከዚያ በኋላ ጠያቂዎቹ እነሱ፣ መላሹ እኔ ነኝ። ሞገድ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የሚያስተዳድረው ባለሥልጣን ያለው ነገር ነው፤ በማላውቀው ሞገድ ላይ ጆሮ መጣልም አልወደድኩትም። ይህን ለጋሼ ባስረዳ «አንተ ብቻ ሞክረው» አሉኝ። ከ136 እስከ 174 ሜጋኸርዝ እንዲፈልግ አድርጌ ተውኩት። የጩኸት ማፈኛዋን ሳላላት ዝናብ ቆርቆሮ ላይ የወረደ ይመስላል፤ ሳጠብቃት ድርግም። አንድ ቦታ ላይ ቆመ ብዬ ብደሰት፣ የንብ ቀፎ ድምፅ ነው። ዲጂታል ንግግር መሆኑ ነው፤ ይህ መሣሪያ ደግሞ አናሎግ ብቻ ነው የሚያውቀው።

የተናደድኩት በጋሼ አይደለም። አምና ክረምት ከእሳቸው ቤት ማዶ ቃጠሎ ተነስቶ የሰሙት ዘግይተው ነው፤ ያ ነገር ከልባቸው አልወጣም። የተናደድኩት በልጁ ነው። አባትህ የሚያስፈልጋቸውን ሳትጠይቅ ለራስህ ሰፈር የተሞላ ዕቃ ትተህ ትበራለህ፤ ሦስት ሌሊት የምቀመጠው እኔ!

ትናንት መለስኩላቸው። በስልካቸው ላይ የቀይ መስቀል አምቡላንስን 907 እና የፖሊስን 991 በትልቁ መዘገብኩላቸው። ሬዲዮዋን አገላብጠው አዩና «ታዲያ የማታውን ዜና እንኳን ትይዛለች?» አሉኝ።

ከ25 እስከ 54 ሜጋኸርዝ ትሰማለች፤ ከዚያ ዘላ ከ108 ትጀምራለች። ኤፍ ኤም ያለው ከ88 እስከ 108 ነው። ጋሼ መልስ እየጠበቁ ነው፤ እኔ ባትሪውን የማጠብቅ መስዬ አቀርቅሬያለሁ።