ምንጣፍ ይሸፍነዋል

ለገጣፎ በእናቴ ግቢ የቆመችውን የአባቴን ቮልስዋገን ላድስ ብዬ ከተነሣሁ ወዲህ ያናደደኝ የመለዋወጫ እጥረትም፣ የዋጋው ነገርም አይደለም። ያናደደኝ አንድ ጋራዥ ውስጥ የሰማሁት ቃል ነው፦ «ግድ የለም፣ ምንጣፍ ይሸፍነዋል።»

መኪናዋ በ1966 እ.ኤ.አ. የተሠራች፣ 1300 ሲሲ፣ ኤሌክትሪኳ ገና 6 ቮልት የሆነች ናት። ቮልስ የነዳ ሁሉ እንደሚያውቀው ባትሪዋ የሚቀመጠው ከኋላ ወንበር ሥር፣ በቀኝ በኩል ነው። ስንት ዘመን የተንጠባጠበ አሲድ ወለሉን በልቶታል። ወንበሩን አንሥቼ ምንጣፉን ስገልጥ ሬንጅ አገኘሁ። ሬንጁን ስፍቅ ስቱኮ፣ ስቱኮውን ስፍቅ የተጣፈ ቆርቆሮ፣ ቆርቆሮውን ስነቅል የግቢያችን ሣር! ከጥቂት ዓመታት በፊት ቤተሰቡ «ሙሉ እድሳት» ተብሎ የከፈለበት ሥራ ይኸው ነው። የሠራውን ሰው ሄጄ ብጠይቀው አልደነገጠም፤ ያንኑ ቃል መለሰልኝ። በዚያ ወንበር ላይ እኮ የእህቴ ልጆች ተቀምጠው ትምህርት ቤት ይመላለሱ ነበር። የባትሪው መክደኛም የለም። የወንበሩ ሽቦ የባትሪውን ጫፍ ቢነካ ሙሌቱ በእሳት ሊያያዝ እንደሚችል ማንም የቮልስ መካኒክ ያውቃል። ይህንንስ የሚሸፍነው የትኛው ምንጣፍ ነው?

የምኖረው ፍራንክፈርት ነው። እዚያ መኪና በየሁለት ዓመቱ ይመረመራል። መርማሪው መኪናውን አንሥቶ መብራት ይዞ ከሥር ይገባል፤ የተጠራጠረውን ቦታ በካቻቢቴ ይወጋዋል። ላሜራው ከተበሳ በቃ፣ ሳይጠገን ማለፍ የለም። ቀለሙ ቢያብረቀርቅ ዞር ብሎም አያየው። 30 ዓመት የሞላው መኪና ደግሞ ከ1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የራሱ የሆነ «ኤች» የሚል ምልክት ያለበት ሰሌዳ ያገኛል። ለዚህም ባለሙያ አይቶ «ይህ መኪና እንደ ጥንቱ ነው፣ በደንብም ተይዟል» ብሎ መመስከር አለበት። ያን ጊዜ ግብሩ የሞተሩ መጠን ሳይታይ በዓመት 192 ዩሮ ገደማ ብቻ ይሆናል። አሮጌ መኪና በክብር የያዘ ሰው መንግሥት ያግዘዋል ማለት ነው። እኛ ሠፈር ግን ሰዎች መኪናዋን እያዩ «ለምን ለቁራሌው አትሸጣትም?» ይሉኛል።

የሚያንገበግበኝ ደግሞ ይህ ነው፦ ጀርመኖች እኛ ያለንን ቢያገኙ ዓይናቸውን አያምኑም። እዚያ በክረምት በረዶውን ለማቅለጥ መንገዱ ላይ ጨው ይበተናል፤ የቮልስን አካል ከበሮቹ በታች ይዞ የሚሄደውን የሙቀት ቦይ (የሞተሩን ሙቅ አየር ወደ ውስጥ የሚያመጣውን የላሜራ ቱቦ) ቀድሞ የሚበላውም ያ ጨው ነው። የአባቴ መኪና ቦይ በመዶሻ ሲመታ እንደ ደወል ይጮኻል። የስድሳ ዓመት ላሜራ! የለገጣፎ አየር ያቆየልንን እኛ በአንድ ባትሪና በአንድ ጣሳ ስቱኮ እናበላሸዋለን። ስቱኮ በዛገ ላሜራ ላይ ማለት ሳይጸዳ የታሸገ ቁስል ነው፤ ከላይ ሲያምር ከውስጥ ይበሰብሳል።

እጅ ያለው ሰው ጠፍቶ ቢሆን ኖሮ ዝም እል ነበር። አልጠፋም። ከዋናው አስፋልት ገባ ብሎ በላስቲክ ዳስ ውስጥ የሚሠሩ አንድ ሽማግሌ አሉ። ወለሉን አይተው «ልጄ፣ ይህ ይቆረጣል» አሉኝ። ሌላ ወሬ የለም። የዛገውን ሁሉ ቆርጠው ጤነኛው ብረት ጋ ደረሱ፤ በካርቶን ልክ ወሰዱ፤ ላሜራውን በእንጨት ላይ እያስተኙ የወለሉን ጉብታዎች አንድ በአንድ በመዶሻ አወጡ። ከዚያ በየዱ፤ ሬንጅ ከመቀባታቸው በፊት ጠርተው አሳዩኝ። ፍራንክፈርት ይህን ሥራ በእጅ ልሥራልህ የሚል ጋራዥ አላገኘሁም። እዚያ የወለሉ ግማሽ በመለዋወጫ ቁጥሩ ይታዘዛል፣ ተሠርቶ በሳጥን ይመጣል። ከ21 ሚሊዮን በላይ ተመርቶ እስከ 2003 እ.ኤ.አ. ሜክሲኮ ውስጥ ሲሠራ የኖረ መኪና ስለሆነ መለዋወጫው ሞልቷል። የመካኒኩ የሰዓት ክፍያ ግን በብዙ ጋራዦች ከ100 ዩሮ ያልፋል።

ካርቡሬተሩንም ያስተካከለው የሠፈራችን መካኒክ ነው። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተሩ ቤንዚን ይበዛበታል፣ ጉልበቱም ወደ አምስት እጅ አንዱ ይቀንሳል። ካንዴላዎቹን ፈትቶ ጥላሸታቸውን አየ፣ ቤንዚኑን ቀነሰ፣ አለቀ።

ታዲያ እኚህ ሽማግሌና ያ የምንጣፍ ሰው የሚሠሩት በአንድ መንገድ ዳር ነው፤ የጠየቁኝ ዋጋም ብዙ አይራራቅም። ልዩነቱ ገበያው ላይ ነው፦ ሽማግሌው ጋ ወረፋ የለም፣ እዚያኛው ጋ መኪና ተሰልፏል። ምክንያቱም እሱ በሦስት ቀን አብረቅርቆ ይመልሳል፤ እኛም ቀለሙን አይተን እንከፍላለን። ምንጣፉን ገልጠን አናይም፤ ሥራው ሲሠራ አንቆምም፤ ከስቱኮው በፊት ፎቶ አንሥተህ ላክልኝ አንልም። ከውጭ ገንዘብ የምንልክ ሰዎች ደግሞ ከሁሉ የባስን ነን፤ የተላከልን ፎቶ ላይ ቀለሟ ካማረ ደስ ብሎን እንተኛለን። በቤንዚን የሚሠራ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ በኋላ እነዚህን አሮጌዎች የሚተካ እንደሌለ እያወቅን!

ወለሉ አልቋል፤ ባትሪውም ባለመክደኛ ሆኗል። የቀረኝ የኤሌክትሪክ ሽቦው ነው። ያናገርኳቸው ሁሉ «ወደ 12 ቮልት እንቀይረውና ተገላገል» ይሉኛል፤ እኔ ግን አባቴ እንደነዳት በ6 ቮልት እንድትቆይ እፈልጋለሁ። በለገጣፎ፣ በአያት ወይም በየካ አባዶ አካባቢ 6 ቮልት ዲናሞ አሁንም የሚጠግን ኤሌክትሪሺያን የምታውቁ ካላችሁ ጠቁሙኝ። የዲናሞውን ብሩሽና ሽቦውን ከጀርመን ይዤ እመጣለሁ፤ ሲሠራም አጠገቡ እቆማለሁ።