ምኑ ነው «ሁሉም ያው»?
ስክሮል ሶው ለሚባለው፣ እንጨት ላይ ጥቃቅን ቅርጽ ለሚቆርጠው የኤሌክትሪክ መጋዝ ምላጭ ልትገዛ ሱቅ ስትገባ ቁጥሩን የሚነግርህ ሻጭ የለም። «ሁሉም ያው ነው» ይሉሃል። ምኑ ነው ያው? 2 ቁጥር ለስስ እንጨትና ለጠባብ ኩርባ ነው፣ 9 ቁጥር ለወፍራም! የሚገኘውም ጫፉ ላይ ፒን (አግድም የገባ ትንሽ ብረት) ያለው ብቻ ነው፤ እሱን ለማሾለክ ሰፋ ያለ ቀዳዳ መብሳት ግድ ስለሆነ የመስቀል ጌጥ ውስጥ ያሉት ጥቃቅን ክፍተቶች ገና ሳይቆረጡ ይበላሻሉ። የታችኞቹ ጥርሶቹ ወደ ላይ የዞሩለትንማ እርሳው፣ አይገኝም፤ እሱ ስለሌለ የዋንዛው የታች ፊት ስንጥር በስንጥር ይሆናል። ማለስለሱ ደግሞ ሌላ ጣጣ! ብርጭቆ ወረቀቱ ጀርባው ላይ 220 (የደቃቅ አሸዋ ቁጥር) ይላል፣ ገና ማሸት ስትጀምር ግን አሸዋው ይረግፋል። በማሽን ልሞክር ካልክ ጥርት ያለውን ማዕዘን ይበላብሃል። ኧረ እባካችሁ፣ ቢያንስ ቁጥሩን እያያችሁ ሽጡልን!