ሌንስ ሳትነካ ግዛ የሚሉት ነገር አንገፍግፎኛል

የምር እዚህ አገር አንድ ዋይድ (ሰፋ አድርጎ የሚያነሳ) ዙም ሌንስ መምረጥ ለምን እንዲህ ፈተና ይሆናል? ካሜራዬ ሶኒ ኤ7ሲ ነው፣ የወሰድኩትም ስለሚቀል ነው፣ ከነባትሪው 509 ግራም፣ አብሮት የሚሸጠው 28-60 ኪት ሌንሱ ደግሞ 167 ግራም፣ ሁለቱ ተደምረው ኪሎ አይሞሉም፣ ቀኑን ሙሉ አንጠልጥለኸው ብትውል አንገትህን አያምህም። ግን 28 ሚሊሜትር እኛ አገር አይበቃም፣ ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር ነው ሌንሱ ሰፋ አድርጎ የሚያየው። ላሊበላ ቤተ ጊዮርጊስ ጉድጓዱ ውስጥ ውረድና ጀርባህን ድንጋዩ ላይ ለጥፈህ ቁም፣ ከዛ በኋላ ወደ ኋላ መሄጃ የለም፣ 12 ሜትር ገደማ ሽቅብ የቆመ ቤተክርስቲያን ፊትህ አለ፣ እግሩን ስትይዝ አናቱ ይቆረጣል አናቱን ስትይዝ እግሩ ይቆረጣል። ጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያው ላይ የተደረደሩትን የመላእክት ፊቶች ከዳር እስከ ዳር ላስገባ ብትልም ያው ነው። ዋይድ የግድ ነው፣ ቅንጦት አይደለም።

እሺ ሰው ልጠይቅ ትላለህ፣ ሁሉም አንድ አፍ ነው፣ "16-35 ጂኤም ግዛ፣ ከኤፍ 2.8 የደከመ እንዳታስበው"። ጂኤም የሶኒ ምርጥ የሚባሉት ሌንሶች ናቸው፣ የኤፍ ቁጥሩ ደግሞ ባነሰ ቁጥር ሌንሱ ብዙ ብርሃን ያስገባል። ኧረ ወንድሜ የመጀመሪያው ጂኤም ብቻውን 680 ግራም ነው፣ ከካሜራዬ ይከብዳል! በፈረንጆቹ 2023 ላይ የወጣው ሁለተኛው ቀለለ ተብሎ 547 ነው፣ ዋጋው ደግሞ ሲወጣ 2,300 ዶላር፣ ካሜራው ራሱ ሲወጣ 1,800 ነበር። ይሄን የሚመክሩህ አብዛኞቹ ሰርግ የሚሰሩ ልጆች ናቸው፣ ለነሱ ልክ ነው፣ መኪና አላቸው ረዳት አላቸው። ገርዓልታ አቡነ የማታ ጫማህን አውልቀህ በእጅ በእግርህ ገደሉን ስትወጣ ግን ቦርሳው ወደ ኋላ ሲጎትትህ የሚይዝልህ የለም፣ እዛ ላይ 200 ግራም ትልቅ ነገር ናት። ዩቲዩበሮቹም የጡብ ግድግዳ አንስተው ጥጉን አጉልተው "ትንሽ ይደበዝዛል" ሲሉ ግማሽ ሰዓት ይፈጃሉ፣ ተሸክሞ ተራራ ስለመውጣት የሚያወራ አንድ ብታገኝ ነው።

ቀላል የሚባሉትን ስታይ ደግሞ ሁሉም የሆነ ነገር ይነጥቅሃል። ታምሮን 20-40 365 ግራም ነው፣ ኪቱን እቤት ጥለህለት መሄድ ትችላለህ፣ ግን ከ20 ይጀምራል፣ 4 ሚሊሜትር ምን አላት ትል ይሆናል፣ 16 ላይ 107 ዲግሪ የምታየውን 20 ላይ 94 ብቻ ታያለህ፣ ቤተ ጊዮርጊስ ጋ የምትፈልጋት ያቺኑ ነው። ሲግማ 16-28 ኤፍ 2.8 አሪፍ ነው፣ 450 ግራም። ታምሮን 17-28 ኤፍ 2.8 420 ግራም ነው፣ ግን ሁለቱም 28 ላይ ያልቁና ሰው ላንሳ ስትል ሌንስ ቅያሪ፣ በዛ አቧራ። የሶኒው ፓወር ዙም 16-35 353 ግራም ብቻ ነው፣ ልቤ እሱ ላይ ነው፣ ግን ኤፍ 4 ነው። ጨለማ ቤተክርስቲያን ውስጥ፣ ፍላሽ አይፈቀድም፣ 2.8 ላይ አይኤስኦ (የካሜራው ለብርሃን ያለው ንቃት፣ ሲጨምር ፎቶው ይሻክራል) 3200 የሚበቃህ 4 ላይ 6400 ይጠይቅሃል። ጣሪያና ሥዕል ከሆነ ግድ የለም አይንቀሳቀስም፣ የሻተሩን ፍጥነት ዝቅ ታደርጋለህ፣ ካሜራው ውስጥ ያለው የእጅህን መንቀጥቀጥ የሚያረጋጋው ስታቢላይዘር ይረዳሃል። ማኅሌት ላይ ግን ከበሮ የሚመታ ዲያቆን እጁ ጭስ ሆኖ ነው የሚወጣው፣ ለሱ የትኛውም ስታቢላይዘር አይደርስልህም። በዛ ላይ ዙሙ በሞተር ነው የሚሄደው፣ እጄ ላይ ምን ሊሰማኝ እንደሚችል በወሬ አላውቅም፣ ይዤ ማየት አለብኝ።

እና ብሶቴ እዚህ ጋ ነው። ይዞ ማየት የሚባል ነገር የለም! አንድ ሱቅ ገባሁ፣ ልጁ በትህትና "አሁን የለም፣ ግን እናስመጣልሃለን፣ ግማሹን ቀብድ ትከፍላለህ" አለኝ። መጥቶ ባይስማማኝስ አልኩት፣ "መመለስ የለም ወንድሜ"። ከዱባይ ወይ ከአሜሪካ በሚመጣ ሰው ላስልክ ብትልም ያው ነው፣ ሰውየው ሻንጣው ውስጥ አምጥቶልህ "አልወደድኩትም መልስልኝ" ልትለው ነው? ጫማ እንኳ ሳይለካ አይገዛም እኮ። ዋጋው ደግሞ፣ ታምሮን 17-28 ሲወጣ 899 ዶላር ነበር፣ ሐምሌ 2016 ምንዛሪው ከመለቀቁ በፊት ዶላሩ 57 ብር ገደማ ስለነበር በባንክ ሂሳብ 51 ሺህ አካባቢ ነው፣ አሁን ያው ዶላር ከ100 ሺህ ብር በላይ ነው፣ በግምት የሚጣል ብር አይደለም። ስንት የፎቶ ባለሙያ ያለበት ከተማ ውስጥ ሌንስ ለአንድ ቀን የሚያከራይ ወይ ቆጣሪው ላይ አስቀምጦ "ግጠመውና ሞክረው" የሚል ሰው ለማግኘት ይሄን ያህል መንከራተት ምን የሚሉት ነው? ሱቅ ያላችሁ ልጆች፣ አንድ ማሳያ ብቻ አስቀምጡ፣ ሞክሮ የወደደ ሰው ቀብዱን ሳይጨቃጨቅ ነው የሚከፍለው።

እስከዛው አዲስ አበባ ያላችሁ፣ የሶኒውን 16-35 ኤፍ 4 ወይ ታምሮን 17-28 የያዛችሁ ካላችሁ ኢንቦክስ አድርጉልኝ፣ ካሜራዬን ይዤ ያላችሁበት እመጣለሁ፣ አስር ደቂቃ ገጥሜ ልየው፣ ቡና በኔ።